ሰው መርዳትን ኮሌጅ ገብቶ መማር ምን ማለት ነው?

ሶሻል ወርክ (የማኅበራዊ አገልግሎት ሙያ) ሊማር የተመዘገበን ሰው «ለምን መረጥከው?» ብላችሁ ጠይቁት። አብዛኛው «ሰው መርዳት ስለምወድ» ይላችኋል። መልሱ ምንም ክፋት የለውም። ግን ገና በመጀመሪያው ሴሚስተር ያልጠበቀው ነገር ይገጥመዋል። ኮሌጁ ቶሎ ብሎ መርዳትን አያስተምረውም። ይልቁንም ከመርዳቱ በፊት ቆም እንዲል፣ እንዲሰማ፣ እንዲጠይቅ፣ የሰማውን ሳይጨምርና ሳይቀንስ እንዲጽፍ፣ አንዳንዴም እጁን እንዲሰበስብ ነው የሚያስተምረው። ደግነቱንማ ይዞት መጥቷል። የሚቀረው መግራቱ ነው።

መጀመሪያ ሥራው ራሱ ምን እንደሆነ እንነጋገር፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው እርዳታ ማደል ይመስለዋል። የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኛ ማለት ቤት አጥቶ ውጭ የሚያድርን ሰው ከመጠለያ ጋር የሚያገናኝ፣ ከእስር የወጣን ሰው ሥራና መታወቂያ እስኪያገኝ የሚከታተል፣ ከሱስ ለመውጣት የሚታገልን፣ ቤቷ ውስጥ ጥቃት የሚደርስባትን፣ አሳዳጊ ያጣን ሕፃን፣ ብቻቸውን የቀሩ አዛውንትን ጉዳይ ይዞ ከቢሮ ቢሮ የሚሄድ ሰው ነው። ቀኑ የሚያልቀው ስልክ ላይ፣ ፎርም ላይና ሰው ፊት ቁጭ ብሎ ነው። የአንድ ሰው ጉዳይ ሐኪም ቤትን፣ ፍርድ ቤትን፣ የቤቶች ቢሮን፣ ትምህርት ቤትን በአንዴ ሊነካ ይችላል። እነዚህ ደግሞ እርስ በርስ አይነጋገሩም። መሀል ላይ ቆሞ የሚያነጋግራቸው እሱ ነው።

በብዙ አገር ትምህርቱ ደረጃ ደረጃ አለው። የሁለት ዓመት የኮሌጅ ዲፕሎማ አለ፣ የሦስት ወይም የአራት ዓመት ዲግሪ አለ፣ ከዚያ በላይ ማስተርስ። ዲፕሎማው ቀጥታ ወደ ሥራ የሚያስገባ ነው፤ መጠለያ፣ የወጣቶች ማዕከል፣ የአረጋውያን መኖሪያ፣ የሱስ ማገገሚያ ውስጥ ባለጉዳዩን በየቀኑ የሚያገኘው ብዙውን ጊዜ ይህን የተማረው ሠራተኛ ነው። ዲግሪው ሰፋ ያለ ኃላፊነት ያሰጣል። የሥነ ልቦና ሕክምና መስጠት የሚፈልግ ሰው ደግሞ በብዙ ቦታ ማስተርስ ይጠየቃል። የካናዳዋ ኦንታሪዮ ጥሩ ምሳሌ ናት። እዚያ በ1998 የወጣ ሕግ አለ (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው)። ዲፕሎማ የያዘውም ዲግሪ የያዘውም በአንድ ተቆጣጣሪ አካል ሥር ይመዘገባሉ፣ የሙያ መጠሪያቸው ግን ይለያያል። ሳይመዘገቡ በስሙ መጠራት አይቻልም። ስለዚህ ኮሌጅ ስትመርጡ መጀመሪያ የምትጠይቁት «ይህን ስጨርስ ሕጉ ማን ይለኛል?» የሚለውን ይሁን።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ። ለመሆኑ ይሄ ነገር ትምህርት የሆነው ለምንድን ነው? በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ እንግሊዝና አሜሪካ ውስጥ ድሆችን ቤት ለቤት እየዞሩ የሚጎበኙ በጎ ፈቃደኞች ነበሩ። አብዛኞቹ ኑሮ የተመቻቸው ሴቶች ናቸው። ቅን ናቸው፣ ግን ይዘውት የሚሄዱት ከእርዳታ ይልቅ ምክርና ግሳጼ ነበር። የአንዱን ቤት ድህነት በስንፍና፣ የሌላውን በዕድል ያሳብባሉ፤ መለኪያው የጎብኚዋ ስሜት ነው። ሜሪ ሪችመንድ የምትባል ሴት በዚህ ሥራ ውስጥ ያደገች ናት። በ1897 ለሙያ አጋሮቿ ባደረገችው ንግግር ሥራው ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት ያስፈልገዋል ብላ ተከራከረች። በዓመቱ ኒውዮርክ ውስጥ የስድስት ሳምንት የክረምት ኮርስ ተጀመረ፤ የዛሬው የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የሶሻል ወርክ ትምህርት ቤት የበቀለው ከዚያ ነው። በ1899 አምስተርዳም ውስጥ የሁለት ዓመት ትምህርት ቤት ተከፈተ። በ1908 አሊስ ሳሎሞን የምትባል ሴት በርሊን ላይ ለሴቶች ትምህርት ቤት ከፈተች።

ያም ሆኖ ነገሩ ወዲያው አልተከበረም። በ1915 አብርሃም ፍሌክስነር የተባለ የትምህርት ሊቅ የሙያው ሰዎች ስብሰባ ላይ ቆሞ፣ ሥራችሁ ገና ሙያ አልሆነም አላቸው። የራሱ የሆነ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ሊተላለፍ የሚችል ዘዴ የለውም ነበር ነጥቡ። አባባሉ አጥንት ድረስ ዘለቀ። ሪችመንድ ከሁለት ዓመት በኋላ ወፍራም መጽሐፍ አሳተመች፤ የአንድን ቤተሰብ ችግር ከመፍረድ በፊት ማስረጃ እንዴት እንደሚሰበሰብ፣ ከማን እንደሚጠየቅ፣ የተሰማው እንዴት እንደሚመዘን የሚያሳይ። እስከ ዛሬ ተማሪዎች «አሴስመንት» (የባለጉዳይን ሁኔታ መገምገም) እያሉ የሚሰቃዩበት ኮርስ ሥሩ እዚያ ነው።

የኮርሶቹን ዝርዝር እዚህ መደርደር አልፈልግም፣ የየትኛውም ኮሌጅ ድረ ገጽ ላይ አለ። ሥነ ልቦና፣ የሰው ልጅ ዕድገት፣ ማኅበረሰብ ጥናት፣ ሕግና ፖሊሲ፣ የአእምሮ ጤና፣ ሱስ። እነዚህን አንብቦ ማለፍ ይቻላል። የማይነበቡት ናቸው ከባዱ።

ከእነሱ አንዱ ማነጋገር ነው። «ማነጋገርማ እችላለሁ» የማይል ተማሪ የለም። ከዚያ ሁለት ተማሪዎች ፊት ለፊት ይቀመጣሉ፣ አንዱ ባለጉዳይ ይሆናል፣ አንዱ ሠራተኛ፣ ካሜራ ይከፈታል። በኋላ ቪዲዮውን ክፍሉ ሁሉ አብሮ ያየዋል። እና ያ «ማነጋገር እችላለሁ» ያለው ልጅ አብዛኛውን ደቂቃ ራሱ ሲያወራ ያገኘዋል። ባለጉዳዩ «ሥራዬን ካጣሁ ወዲህ ቤት መግባት አስጠልቶኛል» ሲለው፣ እሱ «አይዞህ፣ ሁሉም ያልፋል» ብሎታል። ደግ ንግግር ነው። ግን ተመልከቱት፤ ሰውዬው ከዚያ በኋላ ምን ይበል? «አሜን» ከማለት ሌላ ምን አለው? በሩ ተዘጋ። «ቤት ስትገባ ምን ይጠብቅሃል?» ቢለው ኖሮ ግን ሰውዬው ስለ ሚስቱ፣ ስለ ዕዳው፣ ወይም ስለ መጠጡ ሊናገር ይችል ነበር።

ጥያቄም እንደዚሁ ጣጣ አለው። «ትናንት ጠጥተሃል?» መልሱ አዎ ወይም አይ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ አይ። «ትናንት ማታ እንዴት አለፈ?» ብዙ ያወጣል። «ለምን» የሚለው ቃል በተለይ ይመረመራል። ወደ ደብዳቢ ባሏ የተመለሰችን ሴት «ለምን ተመለስሽ?» ብላችሁ ስትጠይቁ ጥያቄ አይደለም የጠየቃችሁት፣ ፈርዳችኋል። እሷም ይገባታል። «ለመመለስ ስትወስኚ በጣም ያስጨነቀሽ ምን ነበር?» ብትሉ ግን ምናልባት የልጆቹን ትምህርት ቤት፣ ምናልባት የቤት ኪራዩን ትነግራችኋለች። ሥራችሁ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ከምክር ጋር የተያያዘም አንድ ነገር አለ፣ እኔ በጣም የምወደው። በ1983 ዊሊያም ሚለር የሚባል የሥነ ልቦና ባለሙያ ከመጠጥ ችግር ጋር ከሚታገሉ ሰዎች ጋር ስለ መሥራት ጽፎ አንድ ዘዴ አቀረበ፤ በኋላ ከስቲቨን ሮልኒክ ጋር አዳበሩት። ሐሳቡ እንዲህ ነው። መጠጥ ላቁም ወይስ አላቁም ብሎ የሚያመነታ ሰው ሁለቱም ሐሳብ ውስጡ አለ። እናንተ «ማቆም አለብህ» ብላችሁ በአንዱ በኩል ከተሟገታችሁ፣ እሱ የሚቀረው ሌላኛው በኩል ነውና ስለ መጠጡ ጥብቅና ይቆማል። ራሱ ሲናገረው ደግሞ ራሱን ያሳምናል። ስለዚህ ሙግቱን ተዉት፣ የማቆሚያውን ምክንያት ከራሱ አፍ እስኪወጣ ጠይቁት፣ ሲወጣ ደግማችሁ አሰሙት። በወረቀት ላይ ቀላል ነው። በተግባር ምላስን መንከስ ይጠይቃል።

ሁለተኛው ከባድ ነገር መጻፍ ነው። ማንም አይነግራችሁም እንጂ የዚህ ሙያ ግማሹ ጽሕፈት ነው። ከባለጉዳይ ጋር የተደረገ እያንዳንዱ ንግግር ፋይል ውስጥ ይገባል። ያንን ፋይል ነገ ሌላ ሠራተኛ ያነበዋል፣ ከነገ ወዲያ ዳኛ ሊያነበው ይችላል፣ በብዙ አገር ባለጉዳዩ ራሱ ጠይቆ የማንበብ መብት አለው። አዲስ ተማሪ እንዲህ ይጽፋል፦ «ሰክራ መጣች፣ ለልጇ ግድ የላትም።» መምህሩ ቀይ እስክሪብቶ ያነሳል። ሰክራ መሆኗን በምን አወቅህ? መለካት ለክተሃል? አንዳንድ የስኳር ሕመምተኛ ስኳሩ ሲወርድበት ሰካራም እንደሚመስል ታውቃለህ? ግድ የላትምስ ማለት ምን ማለት ነው? ተስተካክሎ ሲጻፍ እንዲህ ይሆናል፦ «4፡30 ላይ ደረሰች፣ ቀጠሮው 3፡30 ነበር። ስትናገር ቃላቱ ይጎተቱ ነበር፤ የአልኮል ሽታ ነበር። ልጇ ሁለት ጊዜ ስትጠራት አልመለሰችም። የጤና ችግር እንዳለ ስጠይቃት የለም አለች።» ይህኛው ረዘም ይላል፣ ግን ያየውንና የሰማውን ብቻ ነው የሚናገረው። አንዲት እናት ልጇን የምታጣው ወይም የማታጣው በእንዲህ ዓይነት ዓረፍተ ነገር ሊሆን እንደሚችል ካሰባችሁ፣ መምህሩ ለምን እንደሚነዛነዝ ይገባችኋል።

ምስጢር መጠበቅ ሦስተኛው ነው፣ ግን ሰው እንደሚያስበው «ለማንም አልናገርም» ብሎ መማል አይደለም። እንዲያውም እንደዚያ ማለት ስሕተት ነው። ባለጉዳዩ ራሱን ሊያጠፋ ከሆነ፣ ሌላ ሰው ሊጎዳ ከሆነ፣ ሕፃን እየተጎዳ ከሆነ፣ ወይም ፍርድ ቤት ካዘዘ ምስጢሩ ሊወጣ ይችላል፤ ዝርዝሩ እንደየአገሩ ሕግ ይለያያል። በ1976 የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አንድ ታካሚ ሌላ ሰው ላይ ከባድ አደጋ እንደሚያደርስ ያወቀ ወይም ማወቅ የነበረበት ሐኪም ያንን ሰው ለመጠበቅ ተገቢውን ጥንቃቄ የማድረግ ግዴታ አለበት ብሎ ወሰነ። ውሳኔው የተላለፈው በሥነ ልቦና ሕክምና ጉዳይ ቢሆንም ከዚያ ወጥቶ ብዙ የሥነ ምግባር ኮርስ ውስጥ ገብቷል። እና ተማሪው የሚለማመደው ምንድን ነው? ገደቡን ከመጀመሪያው ቀን፣ ባለጉዳዩ ገና አፉን ሳይከፍት መናገር። ሰውዬው ሁሉን ዘርግፎ ከጨረሰ በኋላ «ይቅርታ፣ ይሄን ሪፖርት ማድረግ አለብኝ» ማለት ክህደት ነው።

በመሀል ድንበር የሚባል ጣጣ አለ። ብር ላበድራት ወይ? የግል ስልኬን ልስጠው? ፌስቡክ ላይ ጓደኛ እንሁን አለችኝ? የልጄ ልደት ላይ ና አለኝ? ሁሉም ጥያቄ በደግ ልብ ቢመለስ መልሱ እሺ ነው። መምህራን ግን ሌላ ጥያቄ ይጠይቃሉ፦ ለአንዱ ሰጥተህ ለሌላው ብትከለክል ምን ይፈጠራል? አንተ ፈቃድ ላይ ስትሆን ስልኩን ማን ያነሳለታል? ነገ እሱ የማይወደውን ሪፖርት መጻፍ ቢኖርብህስ? መልሱ ሁልጊዜ እምቢ አይደለም፣ ባህሉም ቦታውም ይወስነዋል። ግን ብቻን አይወሰንም፤ ለአለቃ ይነገራል፣ ይጻፋል።

ከሁሉ ረጅም ጭቅጭቅ የሚያስነሳው ግን የሌላን ሰው ምርጫ ማክበር ነው። ክፍል ውስጥ የሚሰጥ ዓይነት ጥያቄ ልንገራችሁ። አንዲት የ82 ዓመት አሮጊት ብቻቸውን ይኖራሉ፣ ሁለት ጊዜ ወድቀዋል። ልጆቻቸው መጦሪያ ይግቡልን ይላሉ። እሳቸው አልገባም ይላሉ። ተማሪው ቶሎ ብሎ ከልጆቹ ጋር ይወግናል፣ ምክንያቱም መውደቅ ይገድላል። መምህሯ ትጠይቃለች፦ አደጋው ይገባቸዋል ወይ? ሊመጣ የሚችለውን በራሳቸው ቃል መናገር ይችላሉ? ይችላሉ እንበል፤ «ወድቄ ልሞት እችላለሁ፣ ግን ከቤቴ አልወጣም» ብለዋል። በቃ፣ ውሳኔው የእሳቸው ነው። የእናንተ ሥራ አላለቀም ግን፣ መልኩን ቀየረ እንጂ። የሚያደናቅፈውን ምንጣፍ ማንሳት፣ መታጠቢያው ጋ የሚያዝ ብረት ማስገጠም፣ አንገት ላይ የሚንጠለጠል የድንገተኛ ጥሪ መሣሪያ፣ ጠዋት ጠዋት የሚደውል ጎረቤት፣ ራስ የሚያዞር መድኃኒት ይኖር እንደሆነ ሐኪም እንዲያየው። እና ልጆቹን ማረጋጋት፣ እሱ ከሁሉ ይከብዳል።

ይህ ሁሉ ክፍል ውስጥ ነው። ሥልጠናው ግን የሚፈተነው ልምምድ ላይ ነው፣ ማለትም መሥሪያ ቤት ተመድባችሁ በሱፐርቫይዘር ሥር ስትሠሩ። እንግሊዝ ውስጥ ሶሻል ወርከር ለመሆን የሚማር ሰው በልምምድ የሚያሳልፈው 170 ቀን ሲሆን፣ ከዚያ ሌላ 30 ቀን የክህሎት ሥልጠና ይወስዳል። አሜሪካ ውስጥ ዝቅተኛው ለዲግሪ 400 ሰዓት፣ ለማስተርስ 900 ሰዓት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ክፍያ የለውም፣ ይህን አስቀድማችሁ በኪሳችሁ አስሉት። ሥራ እየሠሩ ለሚማሩ ሰዎች ትልቁ እንቅፋት ትምህርቱ ሳይሆን ይሄ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አሰልቺ ናቸው። ፎቶ ኮፒ፣ ስልክ ማንሳት፣ ፋይል ማንበብ፣ ሌላው ሲያነጋግር ጥግ ላይ መቀመጥ። ከዚያ አንድ ቀን «ይሄን አንቺ ያዢው» ትባላላችሁ።

ያኔ የሚመጣው የቃል በቃል ማስታወሻ ነው። ገጹ በአራት ዓምድ ይከፈላል፦ ባለጉዳዩ ያለው፣ ተማሪዋ ያለችው፣ ተማሪዋ በዚያች ሰከንድ የተሰማት፣ የሱፐርቫይዘሯ አስተያየት። እንዲህ ያለ ነገር ይገኝበታል። ባለጉዳዩ፦ «ልጆቼን ካየኋቸው ስድስት ወር ሆነኝ።» ተማሪዋ፦ «እሺ፣ የቤት ማመልከቻውስ የት ደረሰ?» ስሜቷ፦ «ሊያለቅስ ነው ብዬ ደነገጥኩ።» አራተኛው ዓምድ ላይ ሱፐርቫይዘሯ፦ «እንዳያለቅስ የፈለገው ማነው? እሱ ወይስ አንቺ?»

በዚህ ሁኔታ ከሱፐርቫይዘር ጋር የሚደረግ የሳምንት አንድ ሰዓት ከአንድ ሴሚስተር ሌክቸር ይበልጣል ባይ ነኝ። ስለዚህ ኮሌጅን በሕንፃው አትምረጡ። ልምምዱን ማን እንደሚያገኝላችሁ ጠይቁ፤ አንዳንድ ቦታ «ራሳችሁ ፈልጉ» ይላሉ፣ ያ ትልቅ ራስ ምታት ነው። ሱፐርቫይዘሩ በሙያው የሠለጠነ ነው ወይ? በሳምንት ስንት ጊዜ ይገናኛችኋል? ዲፕሎማውን ይዛችሁ ዲግሪ ብትቀጥሉ ስንት ክሬዲት ይያዝላችኋል? የመጨረሻው ላይ በጽሑፍ ካልሆነ የቃል መልስ አትቀበሉ።

ስለ ራሳችሁም አንድ ነገር። ወደዚህ ሙያ የሚመጡ ብዙ ሰዎች ችግሩን በራሳቸው ያዩ ናቸው። የሰካራም ልጅ የነበረ፣ በማሳደጊያ ያደገ፣ ስደት ያየ። ጥቅም አለው፤ ባለጉዳዩ ሲናገር አይደነግጡም። ግን «እኔ የወጣሁት እንዲህ አድርጌ ነው፣ አንተም አድርግ» የሚል ፈተና አለው፣ የራስ ቁስልም በሰው ታሪክ ሊነካ ይችላል። ኮሌጆች ይህን «ራስን መንከባከብ» በሚል ርዕስ ያስተምሩታል፦ ተኙ፣ ስፖርት ሥሩ፣ ጓደኛ አግኙ። ጥሩ ነው፣ ግን ግማሹን ጉዳይ ይሸፍናል። ክርስቲና ማስላክ የምትባል የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከ1970ዎቹ ጀምሮ የሥራ መሰላቸትን («በርንአውት» የሚሉትን፣ ሥራ ሰውን ሲያዝለው) ስታጠና ደጋግማ ያሳየችው ምክንያቱ ሠራተኛው ደካማ ስለሆነ ሳይሆን በአብዛኛው የሥራው ሁኔታ መሆኑን ነው፤ የሥራ ብዛት፣ የመወሰን ነፃነት ማጣት፣ ፍትሕ ማጣት። አንድ ሠራተኛ ሊይዝ ከሚችለው በላይ ፋይል ከተጫነበት ስፖርት አያድነውም። ስለዚህ የሥራ ቃለ መጠይቅ ላይ «አንድ ሠራተኛ ስንት ጉዳይ ይይዛል?» ብላችሁ ከመጠየቅ አትፈሩ።

በመጨረሻ ሰዎች አፍረው የማይጠይቁት ጥያቄ አለ፦ የወንጀል ሪከርድ። ከሕፃናትና ከአቅመ ደካሞች ጋር ስለሚሠራ፣ ልምምድ ከመጀመሩ በፊት ብዙ ቦታ የፖሊስ ማረጋገጫ ይጠየቃል። ሪከርድ ያለው ሰው ሁሉ ይባረራል ማለት አይደለም። ወንጀሉ ምን እንደነበር፣ ስንት ጊዜ እንዳለፈ፣ የት ልምምድ እንደሚወጣ ይታያል፤ እንዲያውም ከሱስ ወይም ከእስር የወጣ ሰውን ልምድ አጥብቀው የሚፈልጉ መሥሪያ ቤቶች አሉ። ብቻ ጥያቄውን የትምህርት ክፍያ ከፍላችሁ ሁለተኛው ዓመት ላይ ከደረሳችሁ በኋላ ሳይሆን፣ ከመመዝገባችሁ በፊት ለልምምድ አስተባባሪው አቅርቡለት።